ለዘነበ ያልተነገረው ውጤት

አመለወርቅ ሁለት ወንድሞቿን ያጣችው ነፍስ ሳታውቅ ነው። አንደኛው ከእሷ በፊት፣ ሌላው ከእሷ ቀጥሎ ተወልደው ሁለቱም በተገረዙ በሦስተኛ በአራተኛ ቀናቸው ደማቸው አልቆም ብሎ ሞቱ። ለመጀመሪያው ልጅ ሞት የደሴ ጎረቤት ገራዡን ወቀሰ። ሁለተኛው ሲደገም ግን የሰው ዓይን ወደ እናትየው ዞረ። ስለዚህ ዘነበ ሲወለድ እናታቸው ማንንም ሳታማክር ቆረጠች፤ ልጄን አላስገርዝም አለች። ቄሱ መከሯት፤ ባሏ ተቆጣት፤ አማቷ ቤቷን መርገጥ ተዉ። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። ዘነበ ስድብ እየጠገበ አደገ፤ አደገ ግን።

አስተዳደጉ የሰው አስተዳደግ አልነበረም። ሳይወድቅ፣ ሳይመታ ጉልበቱ ያብጣል። የወተት ጥርሱ የተነቀለ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ደም ተፋ። በአምስት ዓመት የምትበልጠው አመለወርቅ ትምህርት ቤት በጀርባዋ ታመላልሰው ነበር። ልጆች ሲስቁባቸው እሱ ከትከሻዋ ላይ ሆኖ ይመልስላቸዋል፤ አፉ ጉልበቱን የካሰለት ልጅ ነበር።

ሁለቱ ወንድምና እህት አሜሪካ፣ ኦክላንድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ እናታቸው ካረፈች ከዓመት በኋላ፣ በሱዳን በኩል። በገቡ በሁለተኛው ወር የዘነበ ጉልበት ከልክ በላይ አበጠና ሆስፒታል ወሰደችው። የቤተሰቡ መከራ ስም ያገኘው ያን ቀን ነው። ሄሞፊሊያ ይባላል አሉ። ደም የሚረጋው ብዙ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ሲሠሩ ነው፤ የዘነበ አካል ግን ከእነዚያ መካከል ዘጠነኛውን አይሠራም። ስለዚህ አንዴ መድማት ከጀመረ የሚያቆመው የለም።

እንግሊዝኛ ትንሽ የምትሻለው እሷ ስለነበረች አስተርጓሚዋም እሷ ሆነች። ሐኪሙ ቀስ እያለ ተናገረ፤ እሷ ቀስ እያለች ወደ አማርኛ መለሰችው። ሕመሙ ከእናት ይመጣል። ወንዶቹን ያደማል። ሴቶቹን ያን ያህል አያሳምምም፤ ግን በደማቸው ሊሸከሙትና ለወንዶች ልጆቻቸው ሊያወርሱት ይችላሉ። የዘነበ እህት የመሸከም ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ አፏ ተያዘ። ሐኪሙ ጠበቃት። ከዚያ ለዘነበ ተረጎመችለት። ዘነበ ቀና ብሎ አያት፤ የተባለው ነገር ክብደት የገባው ከእሷ ቀድሞ ነበር።

መድኃኒቱ በትንሽ ብልቃጥ ያለ ነጭ ዱቄት ነው። በውሃ ይሟሟል፤ ክንድ ላይ ይወጋል፤ ደሙ ይቆማል። ዘነበ በሃያ ሁለት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው መራመድ ጀመረ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ውስጥ ሥራ ያዘ። በአንድ ሠርግ ላይ እስክስታ ወርዶ፣ በማግስቱ ያበጠ ነገር እንደሌለ ለማረጋገጥ ጉልበቱን ደጋግሞ ሲዳብስ አይታዋለች። ሳቀ፤ እሷ ግን ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ያ ዱቄት ከብዙ ሺህ ሰዎች ደም ተጨምቆ የሚሠራ መሆኑን ያወቁት በ1985 ነው፤ ምክንያቱም ከደሙ ጋር የመጣ ሌላ ነገር ነበረ። የሚታከምበት ክሊኒክ ዘነበን ጠርቶ አስመረመረው። ኤድስ የሚያመጣው ቫይረስ በደሙ ተገኘ። ያዳነው መድኃኒት ነው ያስያዘው። ወደ ቤት የተመለሱት በአውቶቡስ ነው። ሲወርዱ፣ ለሰው እንዳትነግሪ አላት።

ለሰው አልነገረችም። ሰውም ወደ ቤታቸው ብዙ አይመጣም ነበር፤ ከአንድ በስተቀር። ኣንደማርያም የሚባል የአስመራ ልጅ፣ የኦክላንድ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በየእሑዱ እየመጣ ከዘነበ ጋር ካርታ ይጫወታል። ዝምተኛ ነው፤ ሲሸነፍም ዝም፣ ሲያሸንፍም ዝም። በ1988 ሽማግሌ ላከባት። አመለወርቅ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ትወደዋለችም። አልፈልግም ብላ ሽማግሌዎቹን መለሰች፤ ምክንያቱን ሲጠይቋት የለኝም አለች። በዓይኗ የሚታያት እናቷ በነጠላ የጠቀለለቻቸው ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። ለዘነበ አልወደድኩትም አለችው። ዘነበ ውሸቷን እንደሆነ ያውቃል፤ የውሸቷንም ምክንያት ያውቃል። ኣንደማርያም ግን እሑድ መምጣቱን ተወ። በሁለተኛው ዓመት ሌላ አግብቶ ወደ ሳን ሆዜ ሄደ።

አመለወርቅ የሆስፒታል ክፍል ታጸዳ ነበር። አንድ ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አላሜዳ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የምርምር ኩባንያ የላብራቶሪ ዕቃ አጣቢ እንደሚፈልግ አነበበች። ዓይኗን የያዘው ከሥራው ይልቅ የኩባንያው መግለጫ ነው፤ በደም መርጋት ላይ ምርምር የሚያደርግ ይላል። በማግስቱ ሄዳ አመለከተች። ሦስት ዓመት ብርጭቆና ብልቃጥ አጠበች፤ ከሥራ ሰዓት በኋላ ኮሌጅ እየሄደች ኬሚስትሪ ተማረች። በ1993 የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ትራን ነጭ ጋውን ሰጠቻትና አጠገቧ አስቀመጠቻት። ዶክተር ትራን በጀልባ ከቬትናም የወጣች የሳን ሆዜ ሴት ነች። ስለ ስደቱ መንገድ አንዳቸው ሌላቸውን ጠይቀው አያውቁም።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ፕላዝማ፣ ማለትም ቀዩ የተጣራበት የደም ውሃ፣ በጠባብ ብልቃጥ ይደረግና ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ካልሲየም ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ ብልቃጡን እያዘነበሉ፣ ፈሳሹ እስኪረጋ ድረስ ሰከንድ መቁጠር ነው። የጤነኛ ሰው ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ላይ ይረጋል። የዘነበ ዓይነቱ ዘጠና አልፎም ይፈሳል። የላብራቶሪው ሰዎች ሐሳብ ደግሞ ይህ ነበር፦ አንድን ጉዳት የማያደርስ ቫይረስ ውስጡን ባዶ አድርጎ፣ የጎደለውን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረ መል ጭኖ ወደ ሰውነት መላክ። ቫይረሱ እንደ ጭነት መኪና ሆኖ ዕቃውን ሴሎቹ ውስጥ ያራግፋል፤ ከዚያ በኋላ አካሉ ራሱ ይሠራዋል። ዱቄት የለ፣ መርፌ የለ፣ የሌላ ሰው ደም የለ።

ይህን ለዘነበ ነገረችው። "ቫይረስ ነው የሚያድነው ነው የምትይኝ?" አላት። ሳቀ። ያኔ ከስቶ አጥንቱ ይቆጠር ነበር፤ ሳቁ ግን እንደነበረ ነው።

በ1995 በጋ ላይ ላብራቶሪው አንድ ነገር አጠረው። ለፍተሻው ዘጠነኛው ፕሮቲን ፈጽሞ የሌለበት የሰው ፕላዝማ ያስፈልጋል፤ እሱም የሚገኘው ከዘነበ ዓይነት ሕመምተኞች ነው። ዘነበ ይህን ከአፏ ሲሰማ ከተኛበት ቀና አለ። "የእኔን ውሰዱ" አላት። "ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደም ስወስድ ኖርኩ። አንድ ጊዜ ልስጥ።"

አመለወርቅ መልሱን ታውቀዋለች። ቢሆንም ዶክተር ትራንን ጠየቀች፤ ስትጠይቅም ወንድም እንዳላትና ምን እንደያዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ዶክተር ትራን እጇ ላይ የነበረውን ነገር አስቀመጠች። አይቻልም አለቻት፤ ቫይረስ ያለበት ደም በዚያ ክፍል አይገባም፤ ሌሎቹ ሠራተኞችም አሉ። ቀጥላ ግን አንድ ሐሳብ አመጣች። በአንድ ሆስፒታል ያሉ የምታውቃቸው የዘረ መል ሐኪሞች የዘነበን ዘረ መል አንብበው ስሕተቱ የት ቦታ እንዳለ ሊያገኙት ይችላሉ። ስሕተቱ ከተገኘ ደግሞ፣ አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንቺም ተሸካሚ መሆን አለመሆንሽን በእርግጠኝነት ማወቅ ትችያለሽ።

ለዘነበ ላብራቶሪው ደሙን እንደማይፈልግ መንገር ከባድ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ። የሆስፒታሉን ነገር ስትነግረው ግን ወዲያው እሺ አለ። ደሙ ተወሰደ፤ በመስከረም መጨረሻ ውጤቱ መጣ። በዚያ ረጅም የዘረ መል ጽሑፍ ውስጥ የተለወጠች አንዲት ፊደል ነበረች። ሁለቱ ሕፃናት፣ የእናታቸው ስም መጥፋት፣ የዘነበ ጉልበት፣ ሁሉም ከአንዲት ፊደል ነበር የመጣው።

አሁን ተራው የእሷ ሆነ። አመለወርቅ አንድ ጊዜ የምርመራ ቀጠሮዋን ሰረዘች፤ ሁለተኛም ሰረዘች። አርባ ዓመቷ ነው፤ ባውቀው ምን ይጠቅመኛል ትላለች። ያልተዋት ዘነበ ነው። በየቀኑ ያነሳባታል። አንድ ቀን ምግቡን ስታቀርብለት እጇን ያዘና "ሳልሞት ልወቀው" አላት። ሌላ ምክንያት አልጨመረም። ሄዳ ደሟን ሰጠች።

ውጤቱን ለመስማት ኅዳር ላይ ብቻዋን ሄደች። አማካሪዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ደስ ብሏት ነው የነገረቻት። ያቺ ፊደል በእሷ ዘንድ ትክክል ነች፤ ስሕተቱን አልወረሰችም። ተሸካሚ አይደለችም፤ አልነበረችምም። ወንድ ልጅ ብትወልድ ኖሮ እንደ ማንኛውም ልጅ ጤነኛ ይሆን ነበር። አመለወርቅ አመሰገነቻትና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን አልሰካችውም። የመጣላት ኣንደማርያም አልነበረም፤ ልጅም አልነበረም። የመጣላት ሽማግሌዎቹን የመለሰችበት ቀን ነው፤ የለበሰችው ሰማያዊ ሹራብ፣ አንደኛው ሽማግሌ ሲነሱ ባርኔጣቸውን ረስተው መመለሳቸው። ሁሉም ነገር ከነዝርዝሩ ተመለሰ። ምን ያህል እንደተቀመጠች አታውቅም።

ስትነዳ ለዘነበ እውነቱን ልትነግረው ወስና ነበር። በሩን ስትከፍት ከአልጋው ተነሥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ለሳምንታት ብቻውን አልተነሣም ነበር። ሸሚዝ ለብሷል፤ ቁልፎቹን አዛብቶ ቆልፏቸዋል። ፊቱን ስታይ ለምን ሳልሞት ልወቀው እንዳለ ገባት። ሲጠይቃት የኖረው ስለ ደሟ አልነበረም። አንቺ ያለ ባል፣ ያለ ልጅ የቀረሽው በእኔ ነው ወይስ አይደለም ነው የሚላት።

"ምን አሉሽ?" አላት።

"አለብኝ" አለችው።

"እርግጠኛ ናቸው?"

"እርግጠኛ ናቸው።"

ዘነበ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰ። "እንግዲህ ደግ አደረግሽ" አለ። "እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት፣ በከንቱ ቢሆንስ እያልኩ ስቃጠል ነው የኖርኩት። ለካስ አውቀሽ ኖሯል።" እጇን ያዘና "ከእኛ ጋር ያልቃል በቃ" አላት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከሁሉም የከበዷት ናቸው። ዘነበ እንደ ሕመም ጓደኛው ይንከባከባት ጀመር። ተሸካሚ ሴቶችም አንዳንዴ ከሰው በላይ እንደሚደሙ ክሊኒኩ ውስጥ ሰምቷል፤ ስለዚህ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አስቀድማ እንድትናገር አስማላት። ቢላዋ ስትይዝ ቀስ በይ ይላታል። ዕድሜውን ሙሉ ሕመምተኛ ሆኖ ለኖረ ሰው ሌላውን መጠበቅ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ታያለች። እሺ ዘነበ ትለዋለች። ጥርስ ሐኪሙ ጋ ለመደወል ስልኩን አንስታ፣ እሱ እየሰማ፣ ማንም ለሌለበት መስመር የተናገረችበትም ቀን ነበረ።

ዘነበ በጥር 1996፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ሞተ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። በጉንፋን የጀመረው ሳንባውን ያዘው። የሞተው በደም አልነበረም።

በመጋቢት ኤድስ ለሚያመጣው ቫይረስ አዳዲስ መድኃኒቶች ወጡ። በላብራቶሪው ያሉ ሰዎች በምሳ ሰዓት ያወሩ ነበር፤ ሰዎች ያ ቫይረስ ሲባዛ ፕሮቲኖቹን የሚቆርጥበትን መቀስ እንዴት እንዳገኙት፣ መቀሱን የሚያደነዝዝ ሞለኪውል እንዴት እንደቀረጹለት። ትልቅ ሥራ ነው፤ አመለወርቅም ትልቅነቱ ገብቷታል። ምግቧን ከድና ተነሣች። ክሊኒኩ ውስጥ ከዘነበ ጎን ይቀመጥ የነበረ፣ እንደ እሱ የከሳ አንድ ፈረንጅ ነበረ። በበጋው ገበያ ውስጥ አየችው፤ ጉንጩ ሞልቷል፣ ሐብሐብ ተሸክሟል። ሰላም ሊላት ሲጠጋ በሌላ በር ወጣች። በኋላ አፈረች፤ የሰውየው ጥፋት ምንድን ነው ብላ ራሷን ወቀሰች። ያም ሆኖ ወደዚያ ገበያ ለረጅም ጊዜ አልሄደችም።

ከዚያ ቀደም፣ በጥር፣ ለቅሶው ላይ ኣንደማርያም ከሚስቱ ጋር መጥቶ ነበር። በአርባው ጸሎት ደግሞ ብቻውን መጣ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዝናብ ስለነበረ ቤቷ ድረስ አደረሳት። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት። ሞተሩን አጠፋ። አመለወርቅ እንዳሰበችው ሳይሆን እንደወጣላት ነገረችው፤ ስለ ሁለቱ ሕፃናት፣ ስለ ግማሽ በግማሹ፣ ስለ ውጤቱ፣ ለዘነበ ስለነገረችው ውሸት። ሲያዳምጥ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"ብነግርህ ምን ትል ነበር?"

ኣንደማርያም መሪውን ለቀቀ። "ችግር የለም እል ነበር" አለ። "እውነቴን ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ልጅ በጣም እፈልግ ነበር።"

ሌላ መልስ ሊዋሽላት ይችል ነበር፤ ባለመዋሸቱ አከበረችው። አመስግና ወረደች። ቤት ገብታ የዘነበን አልጋ አንሶላ ገፈፈች። እስከዚያን ቀን አልነካችውም ነበር።

ሥራዋን ግን አልተወችም። ጥቂት ወራት ብልቃጥ መያዝ አቅቷት ዶክተር ትራን መዝገብ ቤት አስቀምጣት ነበር፤ ከዚያ ተመለሰች። ሙከራው ከሚደረግባቸው፣ ሄሞፊሊያ ካለባቸው ውሾች የተወሰደ ፕላዝማ ከሌላ ስቴት በደረቅ በረዶ ታሽጎ ይመጣል። በ1997 እና በ1998 ዘረ መሉ የተሰጣቸው ውሾች ደም ቶሎ ቶሎ መርጋት ጀመረ። በ1999 ተራው የሰው ሆነ። ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ወንዶች ጭናቸው ላይ ተወጉ፤ ብልቃጣቸው ስም ሳይኖረው በቁጥር ብቻ ይመጣል። ውጤቱ ትንሽ ነበር፤ ጤነኛ ሰው ካለው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ። ዶክተር ትራን ለጋዜጠኛ ብዙ አትናገሩ አለች። ከሰዎቹ አንዱ ግን መርፌውን በፊት ከሚወስደው እያራራቀ ነው ተባለ። አመለወርቅ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጻፈች። ደስታ ጠበቀች፤ የመጣላት ድካም ነው። ቢሆንም አጻጻፏ ጥርት ያለ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አረጋግጣለች።

በዚያው ዓመት በዲቪ የመጡ አንድ ቤተሰብ ሳን ሆዜ ውስጥ ሕፃን ልጃቸው መዳህ ሲጀምር ገላው በልዞ፣ ሐኪሞቹም ሄሞፊሊያ ብለዋቸው ግራ ገብቷቸዋል ተብሎ አመለወርቅ ተጠራች። እናትየው ካሳነሽ ትባላለች። አመለወርቅ ከሥራ በኋላ ነድታ ሄደች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ስለ አሁኑ መድኃኒት አስረዳቻት፤ አሁን ዱቄቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ልጁ እንደሚያድግ፣ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ። ካሳነሽ እያለቀሰች ትሰማለች። በሩ ላይ ተደግፋ የቆመችው ትልቋ ልጅ መቅደስ ነች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛው አማርኛውን የቀደመባት።

"ስለ ሴቶቹስ?" አለች በእንግሊዝኛ። "እኔም አለብኝ?"

ካሳነሽ ዝም በይ ልትላት ስትል አመለወርቅ አስቆመቻት። ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥታ ወደ ልጅቷ ዞረች። ግማሽ በግማሽ ነው አለቻት፤ ግን በግማሽ በግማሽ መኖር የለብሽም፤ ምርመራ አለ። አማካሪዎቹ ዕድሜሽ እንዲሞላ ጠብቂ ይሉሽ ይሆናል፤ እሱም ጥሩ ነው። ከዚያ የሆስፒታሉን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፈችላትና አማርኛዋን ቀስ አድርጋ፣ እያንዳንዱ ቃል እንዲገባት፣ "ሳታውቂ ምንም ነገር አትወስኚ፤ ማንንም ሰው ደግሞ ሳትነግሪው አትመልሺ" አለቻት።

መቅደስ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተች። የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ የገባት አይመስልም፤ አልጠየቀችም።

አመለወርቅ ከዚያ በኋላ በየወሩ ሕፃኑን ታየዋለች፤ የሚጫወትበትን ምንጣፍ ወፍራሙን የገዛችለት እሷ ነች። መቅደስ አሥራ ስምንት ሞልቷት ብቻዋን ሆስፒታል መሄዷን ሰምታለች። ውጤቷ ምን እንደሆነ አልጠየቀቻትም።